የጥጆቼ ጭርት ወደ ልጄ ተላለፈ?

ጥያቄ፦ አራት ጥጆች አሉኝ። ሁለቱ ዓይናቸው ዙሪያና አንገታቸው ላይ ፀጉራቸው ክብ ክብ እየሆነ ረገፈ። ቦታው ነጣ ያለ ወፍራም ቅርፊት ይዟል። አሁን ደግሞ የሚንከባከባቸው ልጄ ክንዱ ላይ ቀይ ክብ ነገር ወጥቶበት ያሳክከዋል። ከጥጆቹ ይዞት ይሆን?

መልስ፦ አዎ፣ እንደዚያ ይመስላል። ስለዚህ ከልጁ ልጀምር። ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ከጥጆች ጋር እንደሚውልም ይንገሯቸው። ከከብት የሚመጣ ጭርት ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ያብጣል፤ መግልም ሊይዝ ይችላል። ክንድ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በፀረ ፈንገስ ቅባት ይድናል። የራስ ቅሉ ላይ፣ ፀጉሩ ውስጥ ከወጣ ግን የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። እባክዎ በራስዎ ግምት ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አይቀቡት። ማሳከኩን ያስታግስና ፈንገሱን ያስፋፋዋል፤ መልኩንም ስለሚቀይረው ሐኪም ሊሳሳት ይችላል።

ጥጆቹን የያዛቸው ትሪኮፋይተን ቬሩኮሰም የተባለው ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም። እከክም ሊመስል ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይየው። ጭርት ከሆነ አብዛኞቹ ጥጆች በጥቂት ወራት ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። እስከዚያ ግን ሌላውን ስለሚያስይዙ ዝም ብሎ መጠበቅን አልመክርም። ጓንት አድርገው ቅርፊቱን በሞቀ ውሃና በሳሙና ያለስልሱት። ሲነሳ ሰብስበው ያቃጥሉት። ከዚያ ሐኪሙ ያዘዘውን፣ ለምሳሌ አዮዲን፣ ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቀው ይቀቡ። ለሰው የታዘዘ የፈንገስ ክኒን ለከብት አይስጡ፤ ቅሪቱ ሥጋና ወተት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በረቱ ነው። የፈንገሱ ዘር በደረቅ እንጨት፣ በገመድና በብሩሽ ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ጥጆቹ ድነው እንኳ በሚቀጥለው ዓመት የሚወለዱት የሚያዙት ለዚህ ነው። ከብቶቹን ያስወጡና ምሰሶውን፣ ግርግዳውንና መመገቢያውን በሳሙና ፈግፍገው ይጠቡ። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ በጥብጠው ይቀቡት። እበት ካልተነሳ በረኪናው ኃይሉን ያጣል፤ ብዙ ሰው የሚለፋው በከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ያረጀውን ገመድ ያቃጥሉ። በረቱ ጨለማና ጠባብ ከሆነ ፀሐይና አየር የሚገባበት ክፍተት ያብጁለት።

ክትባትም አለ፤ ኖርዌይ በሽታውን በእጅጉ የቀነሰችው በክትባት ነው። አካባቢዎ ይገኝ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ያልታመሙትን ሁለቱን ለይተው ያስቀምጡ። ምልክቱ ለመታየት እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በየጊዜው ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ዙሪያ ይዩ። ልጁ እስኪድን ጥጆቹን ሌላ ትልቅ ሰው ይያዛቸው፤ እሱም እጅጌው ረጅም ልብስና ጓንት ያድርግ።