የጠመንጃ ሪሲቨር ላይ ጽሑፍ ለማስቀረጽ ርካሽና ጥሩ ባለሙያ

ቨርጂኒያ ሆነህ በ«ፎርም 1» (ለአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በሚቀርበው የመሥሪያ ፈቃድ ማመልከቻ) ራስህ ለምትሠራው አጭር ጠመንጃ፣ ሪሲቨሩ (የጠመንጃው ዋና አካል) ላይ የሠሪውን ስምና አድራሻ በርካሽ የት ላስቀርጽ ላልከው፦ ዋንጫና ሜዳልያ የሚቀርጽ ሱቅ ዋጋው ይማርካል፤ ግን የጦር መሣሪያ መቅረጽን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሁሉ የፌዴራል ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቅ። ሪሲቨሩ ካደረ መዝገባቸው ላይ ይሰፍራል፤ እዚያው ጠብቀህ በዕለቱ ከወሰድክ አይመዘገብም።

ዋናው ጉዳይ ጥልቀቱ ነው። ሕጉ ቢያንስ 0.003 ኢንች (0.076 ሚሊ ሜትር ገደማ) ይላል፤ የመለያ ቁጥሩ ፊደል ደግሞ ከ1/16 ኢንች ማነስ የለበትም። የሚለካው ከብረቱ ገጽ እንጂ ከቀለሙ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሲኦ2 ሌዘር የአሉሚኒየሙን ጥቁር ልባስ ብቻ ይገፍፋል፤ ነጭ ሆኖ ቆንጆ ይታያል፣ ጥፍርህን ስታስኬድበት ግን ምንም አይይዝህም። በፋይበር ሌዘር በተደጋጋሚ ዙር ወይም በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ) የሚቀርጽ ፈልግ። በኋላ ሴራኮት የተባለውን የሴራሚክ ቀለም የምታስቀባ ከሆነ 0.005 ኢንች ይሁንልህ፤ ቀለሙ ጽሑፉን ይሞላዋል። ጥልቀቱን ለክተው እንዲያሳዩህም ጠይቅ።

ወጪ የሚቀንሰው ሪሲቨሩን ባዶውን፣ ፈታተህ ማምጣት ነው፤ አለዚያ የመፍቻም ያስከፍሉሃል። አርማና ሥዕል ተው። ስምህን (መሣሪያውን የምታስመዘግበው በትረስት፣ ማለትም ንብረት በሚይዝ ሕጋዊ አደራ ስም ከሆነ የትረስቱን)፣ ከተማና ግዛትህን በማመልከቻው ላይ እንዳለው ጽፈህ ስጥ፤ በቃል አትንገራቸው፣ የተሳሳተ ፊደል ከአሉሚኒየም ላይ አይጠፋም። ደግሞ ፎርሙ ሳይጸድቅ አታስቀርጽ፤ ውድቅ ቢሆን የከፈልከው ከንቱ ይቀራል።