ስለ ቴስቶስትሮን መርፌ ለጠየቃችሁኝ

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜያለሁ። ድሮ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዞ የሚጠብቀኝ ኮንዶም ፈላጊ ነበር። ዛሬ እንደዚያ የሚጠብቁኝ ከጂም የመጡ ልጆች ናቸው። «ቴስቶስትሮን አለ?» ይሉኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የወንድ ሆርሞን ነው፤ ጡንቻ ለማሳደግ ከሚወሰዱት ስቴሮይዶች አንዱ።

ስቴሮይድ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ቤን ጆንሰን ነው፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ሴኡል ላይ 100 ሜትርን በ9.79 ሰከንድ ሮጦ ወርቁን የተነጠቀው። እኔን የጠየቁኝ ግን ተወዳዳሪዎች አይደሉም። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ሠርጉ ደርሶበት ነው።

«የሚጨምርልህ ጡንቻ ውኃ ነው፣ ስታቆመው እንደ ፊኛ ትተነፍሳለህ» ብዬ ላስፈራራው እችል ነበር። ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ልክ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት ለ10 ሳምንት፣ በየሳምንቱ 600 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን የተወጉ ወንዶች ስፖርት ሳይሠሩ ስብ ያልሆነ ሥጋ ጨመሩ። የጨመሩትም መድኃኒት የሌለበት መርፌ እየተወጉ ብረት ካነሱት አያንስም። ቁጭ ብለው! ስለዚህ አይሠራም አልላችሁም።

ነገሩ የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ቆለጥ ሥራ ይፈታል፣ ይኮማተራል። በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ስፐርም ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ሙሽራው ይህን ስነግረው ዝም አለ። መርፌው ቆሞ የራስ ሆርሞን እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዱ ላይ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ድብርቱ የሚመጣው ያኔ ነው። ወደ መርፌው የሚመለሱም ይህንኑ ሽሽት ነው። ልብ ደግሞ ዝም ብላ ትጎዳለች፤ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ደም ይወፍራል፣ የልብ ግድግዳ ይደነድናል። መስታወት ይህን አያሳይም።

ስሙ ብቻ የሚያስደነግጣቸውም አሉ። አንዲት እናት አስም ላለበት ልጇ የታዘዘውን ፕሬድኒሶሎን «ስቴሮይድ ነው አሉኝ» ብላ መለሰችልኝ። እሱ ሌላ ዓይነት ነው፤ ጡንቻ አይገነባም፣ ሲበዛ እንዲያውም ጡንቻ ይበላል። ለመወፈር ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን፣ የፕሬድኒሶሎን ዘመድ) የምትውጡም ስሙኝ፤ ፊታችሁ ነው የሚያብጠው። የፕሮቲን ዱቄቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የደረቀ አጓት ነው፤ አያቶቻችን ያውቁታል።

አሁን እየተወጋችሁ ያላችሁ፣ ደማችሁን፣ ጉበታችሁንና ሆርሞናችሁን ተመርመሩ። ዶክተሩ ሲጠይቃችሁም «ፕሮቲን ብቻ ነው የምወስደው» አትበሉት።