ኤምፒ4 ሆኖ ሳለ ለምን ምስሉ አይታይም?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቃላትን ከየት ልጀምር? ደግሞስ ሁለቱም ኤምፒ4 ሆነው አንዱ ፋይል በደንብ ሲከፈት ሌላው ለምን ድምፅ ብቻ ያሰማል? ከሁለተኛው ልነሳ፤ ለመጀመሪያውም ይጠቅምሃል።

ኤምፒ4 ካርቶን ነው በለው። ቪዲዮውም፣ ድምፁም፣ አንዳንዴ ሰብታይትሉም ውስጡ አሉ። ቪዲዮው የታመቀበት ዘዴ ደግሞ ኮዴክ ይባላል። በ2003 የወጣውን ኤች.264 የማይከፍት መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። በ2013 የመጣው ኤች.265 ጥራቱ ሳይቀንስ ፋይሉን በጣም ያሳንሰዋል፤ ግን የቆየ ኮምፒውተር ያንገታግተዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ኮዴኩ ከሌለ ጭራሽ ምስል የለም። ያንተም ችግር ይሄ ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ አዳዲስ ስልኮች በዚሁ ነው የሚቀርጹት። ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈትና ከቱልስ ሜኑ ‹ኮዴክ ኢንፎርሜሽን› የሚለውን ተጫን። ኤችኢቪሲ የሚል ካየህ ኤች.265 ነው። የፋይሉን ስም መጨረሻ በእጅ መቀየር ምንም አይፈይድም።

ሪዞሉሽንና ፍሬም ሬት አያስጨንቁህ። 1920 በ1080 የፒክስሎቹ፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት ነው፤ 25 ወይም 30 ሲባል በሰከንድ የሚያልፉት ምስሎች ቁጥር። ታይምላይንህን፣ ማለትም ክሊፖቹን የምትደረድርበትን መስመር፣ ከቀረጻው ጋር አመሳስለው፣ በቃ።

ሰው ሁሉ ስለ 4ኬ፣ ስለ ከፍተኛው ሪዞሉሽን ያወራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ቢትሬቱን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚውለውን የዳታ መጠን ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት ማለት 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 600 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ቢትሬቱን ከልክ በላይ ከቀነስከው፣ 4ኬ ቢሆንም እንኳ የሚሮጥ ሰው ሲመጣ ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይበጣጠሳል።

ሴቭና ኤክስፖርት ደግሞ አይምታቱብህ። ሴቭ ስትል የሚቀመጠው ፕሮጀክቱ ነው። በአብዛኛው ቪዲዮው ውስጡ የለም፤ ክሊፖቹ የት እንዳሉና የት ጋ እንደቆረጥካቸው ብቻ ይይዛል። ለሰው ብትልከው አይሠራለትም፤ የሚላከው ኤክስፖርት ያደረግከው፣ ያለቀው የቪዲዮ ፋይል ነው። ክሊፖቹን ወደ ሌላ ፎልደር ካዛወርክ ‹ሚዲያ ኦፍላይን› ሊልህ ይችላል። አትደንግጥ፣ የጠፋ ነገር የለም። ሪሊንክ ብለህ አዲሱን ቦታ አሳየው።

ኤች.265ቱን ስትቆርጥ ኮምፒውተርህ ከተንቀረፈፈ ፕሮክሲ ሥራለት። ፕሮክሲ የቪዲዮው ቀለል ያለ ኮፒ ነው፤ ስትቆርጥ በእሱ ትሠራለህ፣ ኤክስፖርት ላይ ግን ሶፍትዌሩ ዋናውን ይወስዳል። በምን ሶፍትዌር እንደምትሠራ ጻፍልኝና ፕሮክሲው የት እንዳለ እነግርሃለሁ።