ባሕር ዳርን በገና ሰሞን ሳይሯሯጡ ማየት

እህቴ፣ እናትሽንና ሁለት ልጆችሽን ይዘሽ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ለገና እረፍት ሦስት ቀን ልትቆዪ ነው፤ ጢስ ዓባይን፣ ገዳማቱንና ጎንደርን በዚያው ጨርሰን እንመለሳለን ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እንደ እኔ እንደ እኔ ጎንደርን ተዪው። ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፤ ደርሶ መልሱ ብቻ ቀኑን ይበላዋል። እኔ እዚሁ ነዋሪ ነኝ፣ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከሞጣም ከደንበጫም ዘመድ ይመጣልኛል። ደስ ብሎት የሚመለሰው ጥቂት ቦታ ረጋ ብሎ ያየው ነው። ሁሉንም ላዳርስ ያለው ከመኪና ወደ ጀልባ ከጀልባ ወደ መኪና ሲል ውሎ ማታ ልጆቹ ሶፋ ላይ እንደተኙ ነው የሚያድሩት።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጪ። የገና ዕለት ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ዘመድ የሌለው እንግዳ ሆዱ ይባባል። ስለዚህ በዓሉን እዚያው ቤታችሁ አክብሩና ከማግስቱ ጀምሮ ኑ። በገናና በጥምቀት መካከል ባለው ጊዜ ከተማው ጋብ ይላል፣ አየሩም ደስ ይላል። ለከተራ ሲቃረብ ግን አልጋ ይወደዳል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። ጥምቀት ራሱ ያምራል፣ እሱን አልክድም። ግን ትልቅ ሰውና ትንንሽ ልጆች ይዞ ማረፍ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

አልጋ ስትይዢ ከጊዮርጊስ ብዙ ሳትርቂ ሐይቁ አካባቢ ያዢ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ የባጃጁን ትቆጥቢያለሽ፤ እናትሽም ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። አጎበር መኖሩን ሳታዪ ቁልፍ አትቀበዪ፣ እዚህ ወባ አለ። ከእናንተ አገር ይሞቃል፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ቢሆንም የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ይበርዳል፣ ጋቢ አይቅር።

ሐይቁ የጠዋት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጣና እንደ ዘይት ረግቶ ታገኚዋለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ጀልባው መናጥ ይጀምራል፣ ልጆች የሚያስመልሳቸውም ያኔ ነው። ስለዚህ ጀልባውን በመጀመሪያው ጠዋት አድርጊና ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ነፃ ልቀቂው። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሚ፦ በሰው ነው ወይስ ለሙሉ ጀልባው? ስንት ገዳም? እዚያ ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለልጆቹ የሚሆን ከሌለው ሌላ ጀልባ ፈልጊ፣ በዚህ ነገር ይሉኝታ የለም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ አስጎብኚው በደፈናው “ሦስት ገዳም” ቢልሽ ስማቸውን ጠይቂ። ለእናንተ የሚሆነው ዘጌ ነው፣ ወደ ሐይቁ ገባ ያለው የብስ። እዚያ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ፤ ካህኑ በሩን ከፍተው እያንዳንዱን ሥዕል በዘንግ እያሳዩ ሲያስረዱ እናትሽ መነሳት አይፈልጉም። ስለዚህ አታጣድፊያቸው። ከወደቡ እስከዚያ ያለው መንገድ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ነው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ከወደቡ ቅርብ ያለችው አዝዋ ማርያም ትበቃለች። ነጠላ ያዙ።

ጢስ ዓባይን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። በጥር ያ በፎቶ የምታውቂው ፏፏቴ የለም። በጋ ነው፣ ደግሞም ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ጣና በለስ የሚባለው የኃይል ማመንጫ ውሃ ከሐይቁ ይወስዳል። ልጆቹን 30 ኪሎ ሜትር ወስደሽ ደረቅ ገደል ከማሳየት መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ብትመጪ ይሻላል፣ ያኔ ጢሱን ከሩቅ ታዪዋለሽ።

በእሱ ፈንታ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ሂዱ። የደንገል ታንኳው ተጠግቶ ቆሮሶውና አምባዛው ይወርዳል፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ይታረዳል፣ ፔሊካኖቹ ደግሞ አንገታቸውን አስግገው ከሰው እግር ሥር የሚወረወረውን አንጀት ይጠብቃሉ። ያን ትልቅ አፋቸውን ሲከፍቱ የልጆችሽን ፊት ማየት ነው። ውሃው ውስጥ ግን እግራቸውን እንዳይነክሩ፣ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ምሳ ሙሉ ቆሮሶ እዘዢ፤ ጎንና ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገው በዘይት ይጠብሱታል፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር ይቀርባል። ለልጆቹ ሥጋውን ከጀርባው በኩል እየፈለቀቅሽ አጉርሺያቸው፣ እሾሁ የሚበዛው ከሆዱ በኩል ነው።

ከምሳ በኋላ ተኙ። የምሬን ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የከተማው ሰው ራሱ ጥላ ይፈልጋል። 10 ሰዓት ሲሆን ወጥታችሁ ዘንባባው ሥር ቀስ እያላችሁ ሂዱ፣ ጀበና ቡና ካለበት ተቀመጡ። አንዱን ማታ ባጃጅ ኮንትራት ይዛችሁ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፤ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከላይ ይታያል፣ ዕድል ካላችሁ ጉማሬም። ሌላውን ማታ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ተሻገሩ፤ በግንቦት 2016 የተመረቀው ነው፣ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ልጆቹ እንደልባቸው ይሄዳሉ።

ሦስተኛውን ቀን ባዶ ተዪው፤ የወደዳችሁትን ትደግማላችሁ። ቅዳሜ ላይ ከዋለ ገበያ ሂጂ፣ ለእናትሽ የዘጌ ቡና ግዢላቸው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ሹፌሮቹን ደውለሽ ጠይቂ፣ በጠዋት ተነሱ፣ ሳይመሽ ግቡ። እናትሽ ዳገት ይችሉ እንደሆነና ልጆቹ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የኡራውን ነገር ለይቼ እነግርሻለሁ።