ሚት ጆ ብላክን ፒያሳ ላይ ማሳየት ለምትፈልጊው እህት፦ አንድ ጊዜ ከከሰረ ሰው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። የፊልም ክበባችሁ ሞትና ሕይወት ያለበት የፍቅር ፊልም ሊያሳይ አስቧል፣ «ሚት ጆ ብላክ»ን መርጣችኋል፣ 40 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ፒያሳ ወይ አራት ኪሎ ትፈልጊያለሽ፣ ከፊልሙ በኋላ ውይይት አለ። ልምድ ያለው ይንገረኝ ብለሻል። ከስር የተጻፉልሽን አየኋቸው። ግማሹ «አሪፍ ምርጫ» ብሎ ልብ ለጥፎ ሄዷል። አንዱ ደግሞ «ኮሜዲ ብታሳዩ ይሻላል» ይላል። ማን ጠየቀው?

እኔ ይህንኑ ፊልም እዚያው ፒያሳ ለ38 ሰው አሳይቻለሁ። በኋላም በሌላ አዳራሽ ደግሜዋለሁ። የመጀመሪያው ጉድ ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ፊልሙን ላላዩት ባጭሩ፦ ዊሊያም ፓሪሽ የሚባል የሚዲያ ባለሀብት አለ፤ አንቶኒ ሆፕኪንስ ነው። 65ኛ ልደቱ ደርሷል። ሞት ሊወስደው ይመጣል፤ ግን ዓለምን ማየት አምሮታል። «አስጎብኘኝ፣ እስከዚያ ትቆያለህ» ይለዋል። የለበሰው የአንድ ወጣት ሥጋ ነው፣ ብራድ ፒት፤ ጆ ይሉታል። ከዚያ የሰውየውን ልጅ፣ ሐኪሟን ሱዛንን ይወዳታል። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

1. ሰዓት። ይህን ብቻ አንብበሽ ብትሄጂም አልቀየምሽም። ፊልሙ 178 ደቂቃ ነው። 3 ሰዓት ሊሞላ 2 ደቂቃ። አላወቅኩም እንዳልል አውቅ ነበር። ፊልሙ 3 ሰዓት ነው፣ አዳራሹን ለ3 ሰዓት ተከራየሁት፣ ከ11 እስከ 2። የሒሳብ ሊቅ! ውይይቱስ ቢሉኝ «እንደ ሁኔታው» እል ነበር።

የአበሻን ቀጠሮ ረሳሁታ። 11 ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የክበባችን ጸሐፊ እና ከባሕር ዳር ለሌላ ጉዳይ የመጣ የጸሐፊዋ አጎት ነን። 11 ተኩል ላይ 20 ሆንን። ከዚያ ደግሞ የፕሮጀክተሩ ገመድ አልገጥም አለ። አንድ ልጅ ሮጦ ከአንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ማገናኛ ገዝቶ መጣ። የጀመርነው 11 ከ45 ነው።

መጀመሪያው ግሩም ነበር። ወጣቱና ሱዛን ቡና ቤት ተገናኝተው፣ ተሰነባብተው፣ እየዞሩ ሲተያዩ አዳራሹ ፀጥ አለ። እሷ ስትዞር እሱ ፊቱን መልሷል፤ እሱ ሲዞር እሷ መልሳለች። ከዚያ ልጁ አስፋልቱ መሃል በመኪና ሲመታ ሁሉም ባንድ ላይ «ውይ!» አለ። ከኋላ አንዲት እናት «ምነው ግራ ቀኙን ቢያይ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ተመልካች የት ይገኛል?

ልክ 2 ሰዓት ላይ የአዳራሹ አስተዳዳሪ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ውላችሁ 2 ሰዓት ይላል» አለ። 43 ደቂቃ ቀርቶናል። ያውም ሙሉው ድግስ፣ ርችቱ፣ ድልድዩ፣ የሚለቀስበት ሁሉ የቀረው እዚያ ውስጥ ነው። ለመንኩት። የአንድ ሰዓት ተጨማሪ ልክፈል አልኩ። «ጽዳቶቹ እየጠበቁ ነው» አለ። ጽዳቶቹ በሩ ላይ ቆመው ፊልሙን እያዩ ነበር እኮ! አንደኛዋ «እኛ ችግር የለብንም» አለች። ሰውየው ዞር ብሎ አያት፤ ዝም አለች። ከዚያ ዘበኛውን «አጥፋው» አለው፤ ጠፋ። ሆፕኪንስ አፉን እንደከፈተ ጨለመ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ያስያዝኩትን 3 ሺህ ብር አልመለሰልኝም። ምክንያቱ? «ሰዓት አሳልፋችኋል።» ያሳለፍነው ከእሱ ጋር ስንከራከር ነው! እስከ ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

38 ሰው ይዤ አስፋልት ላይ ወጣሁ። ካፊያ ነበር። የተዘጋ ወርቅ ቤት ደጅ ላይ ተጠልለን ቆምን። ማንም አልሄደም። ጸሐፊዋ «በል እንግዲህ አንተ ንገረን» አለችኝ። ነገርኳቸው። 43ቱን ደቂቃ በአፌ። ፓሪሽ ለሞት «ልጄን ይዘህ መሄድ ፍቅር አይደለም» ብሎ እንደሚሟገተው፣ ሙዚቃው እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ከልጁ ጋር እንደሚጨፍር፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። እውነቴን ነው፣ አንዳንዶቹ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ርችቱ ጋ ስደርስ ከታች አንድ ሚኒባስ መጣና ወያላው «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ! ሁለት ሰው!» ማለት ጀመረ። አንዲት ልጅ እያየችኝ፣ ታክሲውን እያየች፣ እኔን እያየች፣ ሮጠች። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ሞተ ወይስ አልሞተም?» ብላ ጮኸች። «ሞተ!» አልኳት። መንገድ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ።

እና አንቺ 5 ሰዓት ተከራዪ። ከ9 ሰዓት እስከ 2፣ እሑድ። ይህን ያህል የሚሰጥሽ ካጣሽ ደግሞ አጭሩን ቅጂ እንዳትፈልጊ። ለቴሌቪዥንና ለአውሮፕላን ተብሎ ወደ 2 ሰዓት የተቆረጠ አለ። ዳይሬክተሩ ማርቲን ብሬስት ራሱ ስሜን አንሱልኝ ብሎ አለን ስሚዚ በሚባል የፈጠራ ስም ነው የወጣው። ባለቤቱ የካደውን ምን አድርገሽ ታሳያለሽ? ከዚያ ይልቅ ፊልሙ መነሻ ያደረገውን የድሮውን አሳዪ፤ በፈረንጆቹ 1934 የወጣው «ዴዝ ቴክስ ኤ ሆሊዴይ»። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከጣሊያን ቴአትር የተወሰደ፣ 79 ደቂቃ። ሞት የሆነው ፍሬድሪክ ማርች ነው። ብራድ ፒትን ፈልገው ለሚመጡት ግን መልስ አዘጋጂ።

2. ደብዳቤ። አዳራሹ «ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጡ» ይልሻል። አንድ ቢሮ 3 ቀን ተመላለስኩ። የመጀመሪያ ቀን ኃላፊው ስብሰባ። ሁለተኛ ቀን ማመልከቻው በ2 ኮፒ አይደለም። በሦስተኛው ቀን አንዷ ሠራተኛ ማመልከቻዬን እያነበበች ብዕሯን አስቀመጠችና «ስለ ሞት ነው ፊልሙ?» አለችኝ። «ስለ ሕይወት ዋጋ ነው» አልኩ። «እዚህ ግን ሞት ይላል።» «አዎ፣ ሞት በሰው አምሳል መጥቶ…» ሳልጨርስ ወደ ጓደኛዋ ዞራ «አገሩ ላይ ሞት አነሰና!» አለች። ሳቁብኝ። በሆዴ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን የድሮ ሲኒማ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ያለው እንዲህ ያሉ ሰዎች በዝተው ነው አልኩ። ግን ማህተሙ በእጇ ነው፤ ፈገግ አልኩ። አንቺ ማመልከቻው ላይ «የፍቅር ፊልም» ብለሽ ብቻ ጻፊ። ውሸት አይደለም።

3. ሰብታይትል። እንግሊዝኛውን ሁሉም ይችላል ብለሽ እንዳትሞኚ። ሆፕኪንስ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። እኔ አማርኛውን ራሴ ሠራሁት፣ 2 ወር ፈጀብኝ። ይህን ያመሰገነኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቆይ እመለስበታለሁ።

ትልቁ ጣጣ «አንተ»ና «እርስዎ» ነው። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ይዞ ይገላገላል። እኛ ግን? ሞት ለፓሪሽ ምን ይላል? መጀመሪያ «እርስዎ» አስብዬው ነበር፣ ትልቅ ሰው ናቸውና። ሳነበው የባንክ ገንዘብ ከፋይ መሰለ። «አንተ» አደረግኩት፤ ያኔ አስፈራ። ሞት ማንን አክብሮ ያውቃል? ፓሪሽስ ለእሱ? ልጅ መስሎ ሲታየው «አንተ»፣ ማንነቱን ሲያውቅ «እርስዎ»፣ ሲላመዱ ደግሞ መልሶ «አንተ»። በዚህ ከጸሐፊያችን ጋር እስከ እኩለ ሌሊት በስልክ ተጨቃጨቅን። እሷ «እግዜርንም አንተ ነው የምንለው» አለች። ያልኩት ያልኩት ነው፤ ትክክል ነበርኩ።

የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ጃማይካዊት አሮጊት አለች፣ ታማ የምትሰቃይ፣ ሞትን አይታ ማን እንደሆነ ወዲያው የምታውቅ። የምታወራው በአገሯ ዘዬ ነው፤ እሱም በዚያው ይመልስላታል። እኔ ብልጥ ልሁን ብዬ በአያቴ የወሎ አነጋገር ጻፍኩት። ምን ላድርግ፣ አያቴ ትዝ አለችኝ። አዳራሹ ሳቀ። ሴትየዋ «ከዚህ ይዘን የምንሄደው ጥቂት ጥሩ ፎቶ ነው» የምትል ዓይነት ነገር እየተናገረች ሰው ይስቃል! በሁለተኛው ጊዜ ተራ አማርኛ አደረግኩት። ማንም ትንፍሽ አላለም።

ጆ የለውዝ ቅቤውን በማንኪያ ሲልስ ይሳቃል፣ እሱን ተዪው፤ ማሳቅ ያለበት እሱ ነው። ጆ መጨረሻ አካባቢ ራሱን የግብር መሥሪያ ቤት ሰው አድርጎ የሚያቀርብበት ቦታ ላይ ግን ተዘጋጂ። ሁለተኛው ዝግጅት ላይ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጮክ ብሎ «በሞትነትህ በቆየህ ይሻል ነበር!» አለ። በሳቅ 2 ደቂቃ ሙሉ ምንም አልተሰማም።

አዎ፣ የአልጋ ትዕይንትም አለ። የሚታየው ፊታቸው ነው፣ ግን ረጅም ነው። ጸሐፊዋ እናቷን ይዛ መጥታ ነበር። ሁሉም ስልኩን አወጣ። በጾም ወቅት አታድርጊው።

4. ማስታወቂያው። ይህን በቁጥር መጻፍ አልነበረብኝም፤ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ቢሮዋን ለማለፍ «የፍቅር ፊልም» በይ ብዬሻለሁ። ለተመልካች ግን እንዳትይ። እኔ ብያለሁ። ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩት ፖስተር የብራድ ፒትና ሱዛንን የሆነችው የክሌር ፎርላኒ ፎቶ፣ «የማይረሳ የፍቅር ምሽት» የሚል ነበር። አንዷ አባላችን ጓደኛዋን ልታዝናና ይዛት መጣች። ልጅቷ ጥቁር ለብሳለች። የአባቷ አርባ ገና አልወጣም። እኔ በጨለማ የት አይቼ?

ፊልሙ ሲጀምር ፓሪሽ በሌሊት ደረቱን ይዞት ይነቃል፣ የሆነ ድምፅ ይሰማዋል። እዚያ ላይ ወንበር ተንኳኳ። ወጣች። ተከትዬ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ይቅርታ ብዬ ጀመርኩ። «ፊልሙ አይደለም» አለችኝ። «እሱን ሞት አንኳኩቶ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ ነው የመጣበት። አባዬ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ነው የወጣው።» የምለው ጠፋኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኛ መርዶ እንኳን ስንነግር ሌሊቱ እስኪነጋ ጠብቀን፣ ሽማግሌ አሰባስበን ነው። እኔ ለዚህች ልጅ በፖስተር አታልዬ፣ በትልቅ ስፒከር…

ስለዚህ በግልጽ ጻፊ፦ ፊልሙ ስለ ሞት ነው፣ ሐዘን ላይ ያላችሁ አስባችሁበት ኑ። ሰው አይቀርብሽም። እኔ እንዲያውም ሁለተኛው ላይ እንዲህ ጽፌ 9 ሰው ጨመረ።

ሁለተኛውን ከ4 ወር በኋላ አደረግነው፣ ሌላ አዳራሽ፣ በ9 ሰዓት፣ መሃል ላይ ቡና ተፈልቶ። 47 ሰው። ለውይይት ሙሉ ሰዓት ተረፈን። ስለ አሮጊቷ ፎቶዎች ጠየቅኳቸው፣ አንቺስ ምን ትወስጃለሽ፣ አንተስ ብዬ። መጀመሪያ ሁሉም ልጆቼን፣ እናቴን ይላል። ከዚያ አንድ ጋሼ፣ ፒያሳ ተወልደው ያደጉ፣ 2016 ላይ ሰፈራቸው ሲፈርስ አያት የተዛወሩ፣ ተነሡና «የኔ ፎቶ ቦታው ራሱ የለም» አሉ። ስለ አንድ ግቢ አወሩ። በሩ ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ በአፋቸው አወጡት፣ እንዲህ «ቂ-ይ-ጥ»። አጠገባቸው የነበረች ሴትዮ «አረንጓዴው በር?» አለች። የአንድ ሰፈር ሰዎች ኖሯል፤ ለ20 ዓመት አልተያዩም። ውይይቱ እዚያ ላይ ከእጄ ወጣ፤ ፊልሙን ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም አላስቆምኳቸውም።

ሰብታይትሉን ያመሰገኑኝ እኒያ ጋሼ ናቸው። «ሞትን አንተ ማሰኘትህ ጥሩ ነው» አሉኝ፣ ጨብጠውኝ።

ፋይሉ አለኝ፣ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ በነፃ ነው። ስሜን ግን መጨረሻ ላይ ተዪልኝ፣ አታጥፊው። የማገናኛ ገመዱንም አውስሻለሁ። ፕሮጀክተሩን አላውስም፤ እሱ ሌላ ታሪክ አለው።