የዲናሩ መልክ የማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው ለንደን ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም የጢባርዮስ ቄሣር መልክ ያለበትን የብር ዲናር አየሁ። «የአምላኩ አውግስጦስ ልጅ» የሚል ተጽፎበታል። ጌታችን እንዲህ ያለውን ክሕደት እንዴት ዝም ብሎ አለፈው? «የቄሣርን ለቄሣር» ማለቱስ ንግድና መንፈሳዊ ሕይወት የተለያዩ ናቸው ማለት አይደለምን? በሱቄ የሚሠራ ልጅ የሁለት ወር ደመወዝ ስላልከፈልሁት አንድ ወንድም ወቀሰኝ፤ እኔ ግን ይህ የንግድ ጉዳይ ነው አልሁት።

መልስ፦ ልጄ፣ ጌታ ዝም ብሎ አላለፈውም። «ይህች መልክ ጽሕፈቲቱስ የማን ናት?» ብሎ የጠየቀው እኮ አንተን ያስደነገጠህን መልክና ጽሕፈት ነው (ማቴ. 22፥20)። ያን ጊዜ ለጌታ የቀረበለት አንተ ያየኸው ዓይነት ዲናር ነው ይላሉ ብዙ ሊቃውንት። ክብደቱ አራት ግራም የማይሞላ፣ በአንድ ፊቱ የሎሬል አክሊል የደፋ ቄሣር፣ በሌላው «ሊቀ ካህናት» የሚል ጽሕፈትና በትረ መንግሥት ይዛ የተቀመጠች ሴት ያሉበት ነው። አስተውል፤ ጌታ ዲናሩን ከራሱ አላወጣም፤ አምጡልኝ አለ እንጂ። ለቄሣር ግብር መክፈል ይገባልን ብለው ሊያጠምዱት የመጡት ሰዎች ግን በቤተ መቅደስ ቆመው ሳለ አመጡለት። የቤተ መቅደሱ ግብር ራሱ ይከፈልበት የነበረው የጢሮስ ብርም የጣዖት መልክ ነበረበት። ስለዚህ ነውሩ ብሩን መንካት አይደለም።

ደጋግሜ የማገኘው ስሕተት ሌላ ነው። ሰው ይህን ቃል ይዞ ሕይወቱን ለሁለት ይከፍላል፤ ቅዳሴው የእግዚአብሔር፣ ሱቁ የቄሣር ይሆናል። ጌታ ግን እኩል አላካፈለም። ዲናር የሚሠራው ክብ ብር በሁለት ማተሚያዎች መካከል ተቀምጦ በመዶሻ ሲመታ ነው፤ መልኩን ያተመበት ባለቤቱ ነው። አንተስ የማን መልክ አለብህ? «እግዚአብሔርም ሰውን በመልኩ ፈጠረ» ይላል መጽሐፍ (ዘፍ. 1፥27)። የጥንት አባቶችም ቃሉን እንዲህ ነው የተረጎሙት፤ ብሩ ለቄሣር ይመለሳል፣ ሰው ግን ሁለንተናው ለእግዚአብሔር ነው። በጥምቀት ቀን በሜሮን ስትታተም ነጋዴው ውጭ አልቀረም።

ንጉሣችን ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ከገንዘቡ ላይ የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ መስቀል አሳትሟል። ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ነው። ሆኖም መስቀል ያለበትን ገንዘብ ይዞ የድሀ ደመወዝ የሚከለክል እጅ በመስቀሉ አይነጻም።

ዲናር በወንጌል የአንድ ቀን ሠራተኛ ዋጋ እንደነበረ ታውቃለህ (ማቴ. 20፥2)። ያ ልጅም ባንተ ዘንድ የቀሩበት የስንት ቀን ዲናሮች እንደሆኑ ቁጠር። እርሱም የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ነው። ሕጉ የድሀ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈል ይላል (ዘዳ. 24፥15)፤ አንተ ሁለት ወር አሳልፈሃል። ዛሬ ሱቅህን ሳትዘጋ ጥራው፤ ገንዘቡን በእጁ ስጠው፤ ስላዘገየህበትም ይቅርታ ጠይቀው። ለቅዱስ ቁርባን ስለ መዘጋጀት የጻፍህልኝን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።