ኮናንን ከየትኛው እትም ልጀምር ለሚለው ጥያቄ
ስለ ጦረኛው ኮናን የሚተርከውን የማርቭልን የሥዕል ታሪክ መጽሔት (ኮሚክ) «ኮናን ዘ ባርባሪያን» እትም በእትም እንደገና ለማንበብ አስበው፣ ከቁጥር 1 መነሣት ይሻል እንደሆነ ወይም ጆን ቡሴማ ሥዕሉን ከተረከበበት ከቁጥር 25 መጀመር ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። ከቁጥር 1 እንዲነሡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሮይ ቶማስ እየጻፈ ሥዕሉን የጀመረው ወጣቱ እንግሊዛዊ ባሪ ስሚዝ በመጀመሪያዎቹ እትሞች የታዋቂው የማርቭል ሠዓሊ የጃክ ኪርቢ ተጽዕኖ ጎልቶ ይታይበታል፤ ቁጥር 24 ላይ ሲደርሱ ግን የግድግዳው ጌጥና የልብሱ እጥፋት ሳይቀር በጥንቃቄ የተሣለበት፣ ፍጹም የራሱ የሆነ እጅ ያገኛሉ። ይህን እድገት ማየት የሚቻለው ቅደም ተከተሉን ሲጠብቁ ነው።

ቁጥር 4ን በተለይ አይቸኩሉበት። ኮናንን ከፈጠረው ደራሲ ከሮበርት ሃዋርድ የ1933 አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ ዕንቁ ሊሰርቅ ግንብ የወጣው ኮናን የዝሆን ራስ ያለው፣ ዐይኑ የጠፋ፣ በጠንቋይ የተሠቃየ እስረኛ ያገኛል፤ ጎራዴ ይዞ የገባው ሌባ ሲያዝንለት ማየት እስካሁን ልቤን ይነካኛል። ቁጥር 17 እና 18ን የሣለው ጊል ኬን ስለሆነ የአሣሣሉ መለወጥ አያስገርምዎ። ከቡሴማ ዘመን ደግሞ ከቁጥር 58 እስከ 100 የተዘረጋውን የኮናን ፍቅረኛ የሆነችውን የባሕር ወንበዴዋን የቤሊትን ታሪክ ሳያቋርጡ ያንብቡት።